ለሌላ ሰው የሚመች የኮማንድ ላይን መሣሪያ በፓይተን እንዴት ይሠራል?

ስክሪፕት ለጻፈው ሰው ሁልጊዜ ምቹ ነው። ፎልደሩ የቱ መስመር ላይ እንደሚቀየር፣ ፋይሉ የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ስህተት ሲያሳይ ምን ማለቱ እንደሆነ ጻፊው ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ያው ስክሪፕት ለሥራ ባልደረባ ሲላክ፣ ወይም ሌሊት በራሱ እንዲሠራ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ኮዱን ከፍቶ የሚያይ የለም። ተጠቃሚው የሚያገኘው ተርሚናሉ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያን ምቹ የማድረጉ ልፋት አብዛኛው የሚያርፈው ሰው ሲሳሳት፣ ፋይል ሲጠፋ፣ ዲስክ ሲሞላ፣ ሥራ መሀል ላይ ሲቋረጥ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። «ስያሜ» የሚባል መሣሪያ አለን እንበል፤ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፎቶዎችን በተነሡበት ቀን እየሰየመ ለምሳሌ 2024-03-15_001.ጄፒጂ ያደርጋቸዋል። ሥራው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሰውን ፋይል ስለሚነካ መጠንቀቅ የሚገባን ነገር ሁሉ እዚሁ ይገጥመናል። የምንጠቀመው ቋንቋ ፓይተን ነው፤ በሩቢም በፐርልም ብትሠሩት አብዛኛው ሐሳብ አይለወጥም።

ከኮዱ በፊት ትእዛዙ

መጀመሪያ ተጠቃሚው ተርሚናል ላይ የሚጽፋቸውን ሦስት አራት ትእዛዞች ጻፏቸው። ለስያሜ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፦

ስያሜ ፎቶዎች
ስያሜ --ድራይ-ረን ፎቶዎች
ስያሜ --ፕሪፊክስ ጉዞ_ ፎቶዎች

--ድራይ-ረን ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ማሳየት፣ --ፕሪፊክስ ከስሙ ፊት ቃል መጨመር ነው፤ እንዲህ በሰረዝ የሚጀምር ምርጫ ፍላግ ይባላል። ያለ ፍላግ በቀጥታ የሚጻፈው አርጉመንት (ለመሣሪያው የሚሰጠው ቃል) መሣሪያው የሚሠራበት ነገር ራሱ ይሁን፤ እዚህ ፎልደሩ ነው። ሌላው ሁሉ በስሙ ይጠራ። ሁለት ስም የለሽ አርጉመንቶች ኖረው አንዱ መነሻ ሌላው መድረሻ ከሆነ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ያገላብጣቸዋል። ፋይል የሚቀዳው የዩኒክሱ ሲፒ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እሱን ግን ሰው ለአሥርተ ዓመታት ለምዶታል። የእናንተን አዲስ መሣሪያ ገና ማንም አልለመደውም፤ መድረሻውን --አውትፑት በሚል ፍላግ አስቀምጡት።

እያንዳንዱ ፍላግ ረጅም ስም ይኑረው። የአንድ ፊደል አጭር ስም ቶሎ ቶሎ ለሚጻፉት ብቻ ይበቃል፤ ፊደሉንም ሰው ከለመደው አታርቁት። -ኤች እገዛ፣ -ኦ የውጤት ፋይል፣ -ኪው ዝምታ፣ -ኤፍ ማስገደድ ነው። -ኤን ደግሞ ሜክና አርሲንክ በሚባሉት የቆዩ መሣሪያዎች «ሳትነካ አሳየኝ» ማለት ነው። -ቪ አንዳንድ ቦታ ቨርዥን፣ አንዳንድ ቦታ ዝርዝር መልእክት ስለሆነ፣ አጭሩን ለዝርዝር መልእክት ሰጥቶ ቨርዥንን በረጅም ስሙ ብቻ መተው ይሻላል።

ሁለት የቆዩ ልማዶችን ደግሞ አክብሩ። ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ሰረዞች (--) «ከዚህ በኋላ ፍላግ የለም» ማለት ናቸው፤ ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል ያለው ሰው የሚድነው በእነሱ ነው። ትእዛዙን የሚያነብልን የፓይተን ሞጁል፣ አርግፓርስ፣ ይህን ያውቃል። ብቻዋን የቆመች አንድ ሰረዝ ደግሞ ከፋይል ይልቅ ከስታንዳርድ ኢንፑት (ከኪቦርድ ወይም ከሌላ ፕሮግራም ከሚመጣው) አንብብ ማለት ናት፤ ይህን ግን ራሳችሁ ኮድ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። የኮከብ ምልክት (*) ጉዳይም አለ። በሊኑክስና በማክ ኮከቡን ወደ ፋይል ስሞች የሚዘረዝረው ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናል ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ነው፤ መሣሪያው የሚደርሰው የተዘረዘረው ነው። በዊንዶውስ የኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ግን ኮከቡ እንዳለ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በግሎብ ሞጁል መዘርዘር የእናንተ ሥራ ነው።

አርግፓርስና ወጥመዶቹ

ከፓይተን 2.7 እና 3.2 ጀምሮ አርግፓርስ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። ክሊክና ታይፐር የሚባሉት ላይብረሪዎች ለመጻፍ ይቀልላሉ፤ ብዙ ንዑስ ትእዛዝ ላለው ትልቅ መሣሪያ እነሱን መምረጥ ተገቢ ነው። አንድ ፋይል ሆኖ ከሰው ወደ ሰው ለሚላክ መሣሪያ ግን ምንም ሳይጫን የሚሠራው አርግፓርስ ይበልጣል፤ ተቀባዩ ሌላ ነገር ጫን ከተባለ እዚያው የሚተወው ብዙ ነው።

አርግፓርስ ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ታይፕ=ቡል ናት። ተጠቃሚው «ፎልስ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ፓይተን ባዶ ያልሆነን ማንኛውንም ጽሑፍ እውነት ብሎ ስለሚቆጥር መልሱ «ትሩ» ይሆናል። ለአዎና ለአይደለም ስቶር_ትሩ የሚባለውን አክሽን ተጠቀሙ። ከ3.9 ጀምሮ ያለው ቡሊያንኦፕሽናልአክሽን ደግሞ --ከለር እና --ኖ-ከለርን በአንድ ጊዜ ይፈጥርላችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ዘግይቶ ነው የሚነክሰው። አርግፓርስ ካልከለከላችሁት የፍላግን ስም ግማሽ ይቀበላል፤ --ቨርቦስ ለማለት --ቨር ቢባል ይሠራል። አንድ ሰው ይህችን ቁራጭ ስም ስክሪፕቱ ውስጥ ያስገባታል። ከወራት በኋላ እናንተ --ቨሪፋይ የሚል አዲስ ፍላግ ስትጨምሩ ቁራጯ ለሁለት ስለምትተረጎም የሰውየው ስክሪፕት ይቆማል፤ እናንተ ግን ምንም እንዳላበላሻችሁ ነው የምታውቁት። አላው_አብሬቭን ከመጀመሪያው ቀን ፎልስ አድርጉት።

ፋይል የሚከፍትላችሁ አርግፓርስ.ፋይልታይፕንም አትጠቀሙ። ለመጻፍ ብላችሁ ስትሰጡት ፋይሉን የሚከፍተው ገና ትእዛዙን በሚያነብበት ሰዓት ነው፤ ሌላ አርጉመንት ስህተት ሆኖ ሥራው ባይጀመር እንኳ የነበረው ፋይል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዱካውን በፓዝሊብ ተቀበሉና ፋይሉን በሚያስፈልግበት ቦታ ክፈቱ።

እገዛውን በተመለከተ፣ --ሄልፕ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ምሳሌ ነው፤ የፍላግ ዝርዝር ብቻ አይበቃውም። ኤፒሎግ በሚባለው ቦታ ሁለት ሦስት እውነተኛ ትእዛዞችን ጻፉ። ፎርማተሩን ሮውዲስክሪፕሽንሄልፕፎርማተር ወደሚለው ካልቀየራችሁ አርግፓርስ መስመሮቹን ገጣጥሞ አንድ አንቀጽ ያደርጋቸዋል። እያንዳንዱ ፍላግ ዲፎልቱን (ካልተጻፈ የሚወስደውን ዋጋ) ይናገር። የፐርሰንት ምልክት ማብራሪያ ውስጥ ካለ ደግሞ ደጋግማችሁ ሁለት አድርጉት፤ አለዚያ የሚሰበረው እገዛው ራሱ ነው።

ሁለት ቧንቧ፣ ሁለት አንባቢ

ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሣ ሦስት መስመሮች ይከፈቱለታል፦ 0 ስታንዳርድ ኢንፑት፣ 1 ስታንዳርድ አውትፑት፣ 2 ስታንዳርድ ኤረር። ደንቡ አጭር ነው። ተጠቃሚው የጠየቀው ውጤት በ1 ይውጣ፤ ስለ ሥራው የሚነገረው ሁሉ፣ «እየሠራሁ ነው» የሚለው፣ ማስጠንቀቂያው፣ የስህተቱ መልእክት፣ በ2 ይውጣ። ይህ ካልተለየ ውጤቱን ወደ ፋይል ያዞረ ሰው በዝርዝሩ መሀል «ማስጠንቀቂያ፦ ቀን አልተገኘም» የሚል መስመር ያገኛል፤ ቀጥሎ ያን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ እሱን እንደ ፋይል ስም ይወስደዋል።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ አንባቢው ሰው ነው ወይስ ፕሮግራም የሚለውን ነው። ሲስ.ስትድአውት.ኢዝኤቲቲዋይ ትሩ ካለ ተርሚናል አለ። ቀለም ለዚያ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ አለዚያ የቀለም ኮዶቹ ፋይል ውስጥ ገብተው ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ኖ_ከለር የሚባል የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ተሞልቶ ከተገኘ ተርሚናልም ቢሆን ቀለም አታውጡ። የሥራውን ሂደት የሚያሳየው መስመር የሚጻፈው በስታንዳርድ ኤረር ስለሆነ፣ ለእሱ «ተርሚናል አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለስትድኤረር ነው። ለፕሮግራም አንባቢ --ጄሰን የሚል ፍላግ ስጡ፤ ያኔ ለሰው የሚታየውን አቀራረብ ማንንም ሳትሰብሩ ማሻሻል ትችላላችሁ።

እዚህ አካባቢ ሦስት እንግዳ የሚመስሉ ችግሮች ይገጥማሉ። አንደኛው፣ ስክሪን ላይ ወዲያው ይታይ የነበረው ውጤት በፓይፕ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲላክ ዘግይቶ፣ በጅምላ ይመጣል። ምክንያቱ ፓይተን ተርሚናል ከሌለ ጽሑፉን አጠራቅሞ የሚልክ መሆኑ ነው፤ ወዲያው መታየት ያለበት ላይ ፕሪንትን ፍላሽ=ትሩ ብላችሁ ጥሩት። ሁለተኛው፣ ውጤቱን የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ወደሚያሳየው ሄድ የላከ ሰው አሥር መስመር አይቶ ሄድ ሲዘጋ ብሮክንፓይፕኤረር የሚል ረጅም ጽሑፍ ይመጣበታል። ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም፤ ያዙትና በዝምታ ውጡ። ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። በዊንዶውስ የግዕዝ ፊደል ስክሪን ላይ በትክክል ይታያል፤ ያው ውጤት ወደ ፋይል ሲዞር ግን ዩኒኮድኢንኮድኤረር ይላል፤ ተርሚናል ከሌለ ፓይተን የሚመርጠው የኮምፒውተሩን የድሮ የፊደል ሠንጠረዥ ነውና። ሲስ.ስትድአውት.ሪኮንፊገርን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በመጀመሪያው መስመር ጥሩት፤ ፋይል ስትከፍቱም ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጻፉ።

ስህተትን መናገር

ተጠቃሚው «ፎቶዎች» ለማለት «ፎቶዋች» ብሎ ጻፈ እንበል። ያልታሰበበት ስክሪፕት የኮዱን የውስጥ መስመሮች እየጠራ አሥራ ምናምን መስመር ካፈሰሰ በኋላ መጨረሻው ላይ ፋይልኖትፋውንድኤረር ይላል። ፓይተን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ መሣሪያው ተበላሸ ይላል። የታሰበበት መሣሪያ ግን እንዲህ ይመልሳል፦

ስያሜ፦ ስህተት፦ «ፎቶዋች» የሚባል ፎልደር እዚህ የለም። «ፎቶዎች» ለማለት ነው?

መልእክቱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ነገር ላይ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። ስሙ በትእምርተ ጥቅስ የተከበበው በከንቱ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለ ባዶ ቦታ ካለ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ግምቱን ለማምጣት ብዙ ኮድ አያስፈልግም፤ ከፓይተን ጋር የሚመጣው ዲፍሊብ ጌት_ክሎዝ_ማችስ የሚል ፋንክሽን አለው። ከአራቱ ፊደላት ሦስቱ በቦታቸው ስለሚገጥሙ የሁለቱ ስሞች ተመሳሳይነት 0.75 ይመጣል፤ ገደቡ ካልተነካ 0.6 ስለሆነ ስሙ ይገኛል። ግምቱን ግን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ ወስዳችሁ አትሥሩበት፤ ፋይል የሚነካ መሣሪያ ገምቶ መሥራት የለበትም።

ይህ የሚሠራው ዋናው ፋንክሽን ላይ የምትጠብቋቸውን ስህተቶች ለይታችሁ ስትይዙ ነው፦ ኦኤስኤረርን፣ ዩኒኮድዲኮድኤረርን፣ ራሳችሁ የፈጠራችሁትን የስህተት ዓይነት። ሁሉንም በአንድ ኤክሴፕት ጠቅልሎ «የሆነ ችግር ተፈጥሯል» ማለት ከረጅሙ ጽሑፍ የባሰ ነው፤ የኮዱን ስህተት ከእናንተም ይደብቃል። ምንም ዓይነት ያልተጻፈበት ባዶ ኤክሴፕት ደግሞ ኮንትሮል ሲን ሳይቀር ስለሚውጥ ተጠቃሚው መሣሪያውን ማስቆም ያቅተዋል። ያልጠበቃችሁት ስህተት ሙሉ ዝርዝሩን ይዞ ይውጣ፤ እሱ የኮዱ ጥፋት ነው፤ ለማረም ዝርዝሩ ያስፈልጋችኋል።

የመውጫ ኮዱ ለፕሮግራም አንባቢ የሚነገር ስህተት ነው። 0 ተሳክቷል፣ 1 አልተሳካም፣ 2 ትእዛዙ በትክክል አልተጻፈም፤ አርግፓርስም ራሱ በ2 ነው የሚወጣው። በኮንትሮል ሲ የተቋረጠ ሥራ በልማድ በ130 ይወጣል፤ 128 ላይ የሲግናሉ ቁጥር 2 ተጨምሮ ነው። 126ንና 127ን ሼሉ ለራሱ ስለሚጠቀምባቸው ተዉለት። የስህተቶችን ብዛት የመውጫ ኮድ ማድረግ ብልህነት ይመስላል፤ አደገኛ ነው። በዩኒክስ ኮዱ ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሆነ 256 ስህተት የደረሰበት ሥራ 0 ብሎ ይወጣል፤ ማታ የሚያስኬደው ፕሮግራም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል።

የሰውን ፋይል ስትነኩ

ስያሜ ፋይል እያየ ወዲያው የሚሰይም ከሆነ መሀል ላይ ሲሰናከል ፎልደሩን ግማሽ አድርጎ ይተወዋል። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ምንም ሳይነካ «ይህ ፋይል ይህ ስም ይሰጠው» የሚል ሙሉ ዝርዝር ይሥራ፤ ዝርዝሩ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ይፈጽም። እንዲህ ከተደረገ --ድራይ-ረን ያለ ተጨማሪ ድካም ይገኛል፤ ዝርዝሩን አሳይቶ መቆም ማለት ነው። ከእውነተኛው ሥራ በተለየ ኮድ የሚሠራ ድራይ ረን ግን አንድ ቀን የሚያሳየውና የሚሠራው ስለሚለያይ አትመኑት።

ዝርዝሩ ላይ የሚመረመረው ብዙ ነው። ሁለት ፎቶዎች አንድ ስም ደርሷቸው ይሆን? ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርገው ስለሚያዩ፣ ሲነጻጸሩ ሁለቱም ወደ ትንሽ ፊደል ይቀየሩ። በስሙ የተቀመጠ ሌላ ፋይል አለ? ይህ ከሁሉም ይከፋል፦ ኦኤስ.ሪኔም በዊንዶውስ ፋይል ካለ እምቢ ይላል፤ በሊኑክስና በማክ ግን ምንም ሳይናገር የነበረውን ይተካዋል። በዊንዶውስ ብቻ የተሞከረ ኮድ ሊኑክስ ላይ ፎቶ የሚያጠፋው በዚህ ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ቀን ደግሞ 2024:03:15 ተብሎ በሁለት ነጥብ ነው የሚጻፈው፤ ይህ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም፤ ወደ ሰረዝ ይቀየር። የስሙም ርዝመት ይለካ። በሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ገደቡ 255 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የሚበቃው 85 ፊደል ብቻ ነው።

ቀን የሌለው ፎቶ ከተገኘ ሥራውን ሁሉ አታቁሙ፤ በዝምታም አትለፉት። ተዉትና በስታንዳርድ ኤረር ስሙን ተናገሩ፤ መጨረሻ ላይ «212 ተሰይመዋል፤ 3 ቀን ስለሌላቸው ቀርተዋል» የሚል አንድ መስመር ይውጣ። የተሠራው የስም ለውጥ እየተጻፈ የሚቀመጥበት ፋይልም ይኑር፤ አሮጌና አዲስ ስም በመስመር በመስመር ከተያዘ የተሠራውን የሚመልስ --አንዱ (በእንግሊዝኛ undo) የሚል ፍላግ መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መሳሳት መመለሻ ሲኖረው «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ ማብዛት አያስፈልግም፤ ሰው በተደጋጋሚ ሲጠየቅ ሳያነብ አዎ ማለት ይለምዳል። ጥያቄው ግድ ከሆነ ተርሚናል መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ በስህተት ውጡና --የስ የሚለውን ፍላግ ንገሩ። አለዚያ ሌሊት የተነሣው ሥራ መልስ የሚሰጠው አጥቶ እስከ ጠዋት ይቆማል።

ያለን ፋይል ይዘት የሚቀይር መሣሪያ ደግሞ በቀጥታ እላዩ ላይ አይጻፍ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ፍጠሩ፣ ጽፋችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ በኦኤስ.ሪፕሌስ ተኩት። ተጠቃሚው የሚያገኘው ወይ ሙሉ አሮጌውን ወይ ሙሉ አዲሱን ነው። ጊዜያዊው ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ መተካቱ አይሠራም፤ «እዚያው ፎልደር» የተባለው ለዚህ ነው።

የቀሩት ነገሮች

ፓስወርድ በፍላግ አትቀበሉ። ትእዛዙ በሼሉ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል፤ ሥራው እስኪያልቅም ኮምፒውተሩን የሚጋሩ ሌሎች ሰዎች የፕሮሰስ ዝርዝር ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ። ከሰው በጌትፓስ፣ ከፕሮግራም በፋይል ወይም በስታንዳርድ ኢንፑት ተቀበሉ። ሌላ ማስተካከያ ከብዙ ቦታ የሚመጣ ከሆነ ፍላጉ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጩን፣ ተለዋዋጩ የኮንፊግ ፋይሉን፣ ፋይሉ ዲፎልቱን ይብለጥ።

--ሄልፕ ለማሳየት ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ መሣሪያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ የተጠራ ከባድ ላይብረሪ ነው። ፓይተንን በ-ኤክስ ኢምፖርትታይም ብታስነሡት የትኛው ሞጁል ጊዜ እንደበላ በማይክሮ ሰከንድ ይነግራችኋል። ከባዱን ወደሚያስፈልግበት ፋንክሽን ውስጥ አውርዱት።

በአንድ ፋይል ሲላክ የመጀመሪያው መስመር ፓይተን 3ን የሚጠራ ሸባንግ ይሁን፤ ፋይሉም የማስኬድ ፈቃድ ይሰጠው። በዊንዶውስ ኤዲተር የተቀመጠ ከሆነ በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ተጨማሪ ምልክት ስለሚኖር ሊኑክስ «ፓይተን 3 የሚባል የለም» ይላል፤ ፓይተኑ ግን አለ። የመስመሩን ማብቂያ ወደ ዩኒክሱ ቀይሩት። መሣሪያው ካደገ በፓይፕሮጀክት.ቶምል ውስጥ ፕሮጀክት.ስክሪፕትስ በሚለው ሥር የትእዛዙን ስምና ዋናውን ፋንክሽን አገናኙ፤ ተጠቃሚው በፒፕኤክስ ሲጭነው ላይብረሪዎቹ ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር አይጋጩበትም።

ዋናው ፋንክሽን የአርጉመንቶችን ዝርዝር የሚቀበልና የመውጫ ኮድ የሚመልስ ከሆነ ተርሚናል ሳይከፈት ይፈተናል፦ የተሳሳተ ፎልደር ስጡት፣ 1 መመለሱንና ስታንዳርድ አውትፑት ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሰው እየተጠቀመበት ያለን ፍላግ ስም ለመቀየር ስትፈልጉ አሮጌውን ስም ከአዲሱ ጋር አብራችሁ አቆዩ፤ በአሮጌው ሲጠራ ሥራውን ይሥራ፣ አዲሱን ስም ደግሞ በስታንዳርድ ኤረር ይንገር። የምታነሡት በሚቀጥለው ትልቅ ቨርዥን ነው፤ ያኔም ቢሆን በአሮጌው ስም የጠራውን ሰው አርግፓርስ «አላውቀውም» ብሎ እንዳይመልሰው፣ የቱን እንደሚጽፍ የሚነግረው አንድ መስመር ኮዱ ውስጥ ይቆይለት።